የተራራው በርና ያልጠየቅሁት ቁጥር

ትእዛዙ የደረሰን ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ነገሌ ቦረና፣ አባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለው የእንስሳት ሐኪማችን ጀማል ነበር።

«ታችኛው ሸለቆ ውስጥ አንድ ቀይ ቀበሮ ሞቶ ተገኝቷል። አፉ አረፋ ደፍቋል። ልብስ ደርቢ፣ መኪናው እየመጣ ነው።»

ዝናቡ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የቀረበት ዓመት ነበር። የሊበን ሜዳ አመድ መስሎ ነበር። ገናሌን ተሻግረን፣ በመና ከተማ አድርገን፣ የሐረናን ደን ሽቅብ ስንወጣ ከብት የሚነዱ የቆላ ሰዎችን እያለፍን ሄድን። እነሱም እንደ እኛ ወደ ባሌ ተራሮች ነበር የሚወጡት፣ ሣርና ውሃ ፍለጋ። ውሾቻቸው ከከብቶቹ ኋላ ይከተላሉ። ያን ቀን ውሾቹን አየኋቸው እንጂ አላሰብኩባቸውም።

ከእኛ በኋላ ወደዚያ ተራራ ለምትወጡ የሆነውን እንዳለ ልጽፍላችሁ ፈልጌ ነው። ጀግንነት የለበትም።

ሦስት ሰዎች ነበርን። አዛዣችን አስር አለቃ ወርቁ በቀድሞው ሠራዊት ያገለገሉ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በዱር እንስሳት ጥበቃ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገር በወታደር ቋንቋ ነው የሚናገሩት፤ እኛም ለመድን። በመጀመሪያው ጠዋት ውርጭ በያዘው መሬት ላይ በዱላ ካርታ ሣሉልን።

«ጠላት እዚህ ነው። ታችኛው ሸለቆ ወድቋል፤ እሱን እርሱት። ይሄ በሩ ነው። በበሩ ካለፈ አምባው ላይ ያለው ቀበሮ ሁሉ ያልቃል። በሩን የያዙት ዘጠኝ ቀበሮዎች ናቸው። እነሱ ከቆሙ ያልፍበት የለውም።»

በሩ በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ግዳጃችን ሁለት ነበር፤ የበሩን ዘጠኝ ቀበሮዎች ክትባት በተደበቀበት የፍየል ሥጋ መከተብ፣ ከበሩ በታች የሰፈሩትን ከብት አርቢዎች ውሾች ደግሞ በመርፌ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ፣ ከቀበሮ ወደ ቀበሮ ነው የሚሄደው።

ዩኒቨርሲቲ እንደተማርኩት ያ አምባ በጥንት ዘመን በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ቀይ ቀበሮ የቅዝቃዜው ዘመን እንስሳ ነው። ቅዝቃዜው ወደ ላይ ሲያፈገፍግ እሱም አብሮ አፈገፈገ። አሁን ከዚያ በላይ የሚሄድበት ተራራ የለውም። ይህን በክፍል ውስጥ ስማር ለፈተና ነበር የያዝኩት። እዚያ ላይ፣ የደጋው ተክል ጅብራ ብቻውን በቆመበት ነፋስ ውስጥ ስሆን ግን ዓረፍተ ነገሩ ከበደኝ።

ብርዱ ኮዳ ውስጥ ያለ ውሃ ያረጋል። ክትባቱም ከረጋ ስለሚበላሽ ሣጥኑን በብርድ ልብሴ እጠቀልለው ነበር።

«ሌላው አገር ሣጥኑ የተሠራው እንዲያቀዘቅዝ ነው» አለ ጀማል። «እዚህ ግን ውስጡ ገብቼ ልሙቅ እላለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በፈረስ ኦቦ ጉዮ ሰፈር ደረስን። ከሊበን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ጎጇቸው በእሾህ አጥር ተከቧል።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ጉዮ?»

«ናጋ። አንቺ የመምህሩ ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ልጄን አስተምሮታል።»

«ነኝ፣ አባቴ። ውሾቹ ሁሉም መጥተዋል?»

«ይኸው» አሉ። ሦስት ውሾች በቢጫ ናይሎን ገመድ ታስረው ቀረቡ። ጀማል ወጋቸው፤ እኔ የተከተቡ መሆናቸው እንዲታወቅ አንገታቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ።

«ልትድሪያቸው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ ኦቦ ጉዮ።

በዚህ መሀል ከአጥሩ ጀርባ አንድ ውሻ ጮኸ። የጎረነነ፣ መሀል ላይ የሚቆራረጥ፣ የታመመ ውሻ ድምፅ ነው። ሽማግሌውን አየኋቸው። እሳቸው ፈረሴን ያያሉ።

ነገሌ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። የከብት ባለቤት «ስንት አለዎት?» ተብሎ አይጠየቅም። በሕይወት ያለን ነገር ጮክ ብሎ መቁጠር እንዲጎድል መጥራት ነው። ለከብት ነው የሚባለው፣ ግን ለውሻም ቢሆን የአባቴን ወዳጅ፣ ያውም ሽማግሌ፣ እንዴት ብዬ? ድሮም ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። ቅጹ ላይ «ያለው ብዛት» እና «የተከተበ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩ። በሁለቱም ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

የሚቀጥለው ረቡዕ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። በሩ ላይ ነን። ሥጋውን ካደልን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ጭጋግ ከደኑ ይወጣል። ጀማል መነጽሩን እንደያዘ «ውሻ!» አለ።

ውሻው እየተንገዳገደ ወጣ። አንገቱ ላይ ቀይ ቀለም የለም። ቀበሮዎቹ ከፍልፈል አደናቸው ተነስተው ከበቡት። ጆሮዋ የተቀደደው እናት ቀበሮ ከፊት ነበረች፤ ግዛቷን ልትከላከል። ጮኽን። ድንጋይ ወረወርን። ውሻው ነከሳት። ሌላውንም ነከሰ። አስር አለቃ ተንበረከኩ። አንድ ጥይት ተኮሱ።

ስንደርስ ውሻው አንገት ላይ የታኘከ ቢጫ ገመድ ነበር።

«ድምፁን ሰምቼው ነበር» አልኩ።

«መቼ?» አሉ አስር አለቃ።

«ሐሙስ። ከአጥሩ ጀርባ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ዘብ የሰማውን ወዲያው ይናገራል» ብለው ጠመንጃቸውን አነገቱ።

ጀማል ያኔውኑ ወደ ኦቦ ጉዮ ሰፈር ጋለበ። የተነከሰ ሰው እንደሌለ አረጋግጦ ተመለሰ።

«ውሻቸው ስንት እንደነበረስ?» አሉት አስር አለቃ።

ጀማል አንገቱን ደፋ። «እኔም እኮ የያቤሎ ልጅ ነኝ፤ ለእኔም ነውር ነው» አለ።

ክትባቱ ሰውነት ውስጥ ሥራውን እስኪጀምር ቀናት ይፈልጋል። ውሻው ቀድሞን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እናቲቱ ከቡችሎቿ ተለይታ ቋጥኝ ስትነክስ አገኘናት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቅኝት እንወጣለን፣ የሞተ ይዘን እንመለሳለን። ማዳኛ የለም። ማድረግ የምንችለው መቅበር ነበር፤ መሬቱም ጠንካራ ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ኦቦ ጉዮ ልወርድ ፈረሴን ጭኜ፣ ሦስቴም መልሼ አራገፍኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት እሑድ አስር አለቃ ሙታኑን እንድቆጥር አዘዙኝ። ቅጣት እንዳይመስለኝ ይሆናል፣ «ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ይነበባል» አሉኝ።

ጆሮዋ የተቀደደው እናት። ጭራው ነጭ የበዛው ወንድ። ሁለቱ እህትማማቾች። ያምና ቡችላ። ስም ያላወጣንለት አንድ ሌላ። ስድስት። ከዘጠኙ የቀሩት ሦስት ናቸው።

በሽታው በሩን አላለፈም። ይህን ስናገር ሰው «አሸነፋችሁ» ይለኛል። እኔ እንደዚያ አልልም። ያቆምነው እኛ እንሁን፣ ወይስ የሚያሻግረው ቀበሮ አልቆበት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው አንድ ቃል አፌ ላይ መጥቶ መመለሱን ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ፈረሴን ጭኜ ወረድኩ። ኦቦ ጉዮ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ናጋ ተባባልን። አልተቀመጥኩም።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ነውር ነው የምጠይቅዎት። ከሊበን ሲመጡ ውሾችዎ ስንት ነበሩ?»

ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ግን አልሄድኩም። ቅጹን ዘርግቼ ስድስቱን ቀበሮዎች አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

«እነዚህን እኔ ቆጠርኳቸው» አልኩ። «ከሞቱ በኋላ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጣታቸው ጀመሩ። «ቶኮ። ለማ። ሰዲ። አፉር።» አራት። ሦስቱን ከትበናል፣ አንዱን ገድለናል። ልተነፍስ ስል አምስተኛ ጣታቸው ተነሳ።

«ሸን» አሉ። «ጥጆቹን የምትጠብቀው ናት። ትገድሉብኛላችሁ ብዬ ነው የደበቅኋት።»

ራሳቸው ተነስተው ከአጥሩ ጀርባ አመጧት። ገና ጤነኛ ነበረች። አፏን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ። መርፌውን ወጋኋት፤ ቀለሙን ቀባኋት፤ እንደታሰረች እንድትቆይ፣ እኔም በየጠዋቱ እየመጣሁ እንዳያት ተስማማን። ከዚያ በሐሙሱ ቅጽ ላይ «ያለው ብዛት» በሚለው ዓምድ ሥር ሦስትን ሰርዤ አምስት ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ጎጆ ሄድኩ።