ስድስተኛዋ ጳጉሜ

የመመረቂያ ጽሑፌን በምከላከልበት ቀን ጠዋት፣ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደ ዩኒቨርሲቲው በባጃጅ እየሄድኩ ሠንጠረዤን ለመጨረሻ ጊዜ ገለጥኩት። ምነው ባልገለጥኩት!

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ማስተርሴን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ማራዘሚያ ጠይቄ፣ ሦስተኛ የለም ተብያለሁ። ከወደቅኩ የአራት ዓመት ልፋቴን ውኃ በላው ማለት ነው። ርዕሴ የጥንት ግብፆች በጻፉት የኮከብ መዝገብ የነገሥታትን ዘመን ማስላት ነበር። የትምህርት ክፍሉ ሰዎች «ሀዋሳ ቁጭ ብሎ የግብፅ ኮከብ?» እያሉ ሲያሾፉ፣ የተከራከሩልኝ አማካሪዬ ብቻ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ የመጨረሻ ተማሪያቸው እኔ ነኝ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የግብፆች ዓመት እንደኛው ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና ጳጉሜ ነበረው፤ የእነሱ ጳጉሜ ግን ሁልጊዜ አምስት ናት። ስድስት ስለማትሆን፣ ለሁለት ወር ተሰውሮ ጎህ ሲቀድ ብቅ የሚለው ደማቅ ኮከባቸው በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይዘገይባቸዋል። በአንድ ንጉሥ ዘመን ኮከቡ የታየበት ቀን ተጽፎ ከተገኘ፣ ከዚያ እስከ አዲስ ዓመታቸው ያሉትን ቀናት ቆጥሮ በአራት ማባዛት ነው። ኮከቡ ልክ በአዲስ ዓመት ቀን የወጣበት ዘመን ከሌላ ጽሑፍ ስለሚታወቅ፣ ከእሱ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ይቀራል።

ባጃጅ ውስጥ በጣቴ ስቆጥር አንድ ቀን ተረፈኝ። ጳጉሜን ስድስት ብዬ ነበር።

የኛ አገር ሰው ካልሆነ ማንም የማይሠራው ስህተት ነው። ሠንጠረዡን ያዘጋጀሁት ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ነው፤ እጄ የዚያን ዓመቷን ጻፈ። አንድ ቀን ማለት አራት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ምዕራፎች በሙሉ እዚያ ላይ ቆመዋል። ሾፌሩ «እህቴ፣ ደርሰናል እኮ» ሲለኝ መውረድ አቃተኝ።

አማካሪዬን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሠንጠረዡን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። እዚህ ጳጉሜ የሚቆጥር የለም።»

ይህን ያሉኝ ሁለት ዓመት ሙሉ «ደግመሽ ቁጠሪ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኝተው ሠንጠረዡን አጠፉት። የእሳቸው መፍራት የኔን አባሰው።

ገለጻዬን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። አፌ ደርቆ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጣሁ። ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ ሠንጠረዡ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። እስኪጠይቁኝ መጠበቅ አልቻልኩም።

«ጳጉሜ አምስት መሆን ነበረባት። ተሳስቻለሁ» አልኩ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ስመጣ።»

«ለአማካሪሽ ነግረሻቸዋል?»

አማካሪዬ አቀርቅረው ወረቀት ያገላብጣሉ።

«ጊዜ አላገኘሁም» አልኩ።

አርመሽ አስረክቢ ብለው አሳለፉኝ። ሁሉም እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። አማካሪዬ በሩ ላይ ጠብቀው እጄን ጨበጡና፣ ዓይኔን ሳያዩ «አመሰግናለሁ ልጄ» አሉኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ስንቀጠቀጥ ውያለሁ። ያንን ውሸት ስናገር ግን ድምፄ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የምፈራው እሱን ነው።