ስለ ውሃ ወፍጮው ያደረግሁት ንግግር

ባለፈው ወር ለለቅሶ ወገራ፣ ወደ ተወለድኩበት መንደር ወጥቼ ነበር። ድንኳኑ ጥግ እንደተቀመጥኩ የነዋሪውን አስተያየት የሚሰበስብ፣ ወረቀት የያዘ አንድ ወጣት መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። አፋፉ ላይ በነፋስ የሚሠራ የመብራት ማመንጫ ሊተከል ነው፤ የሚተክለው ባለሀብት መሬት ይፈልጋል፣ አንዳንድ ቤቶችም ይነሳሉ። «እማማ፣ እንደ አካባቢው ተወላጅ የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው?» አለኝ። አስተያየት ስጪ ሲሉኝ እፈራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጎንደር ከተማ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ተናገሩ፣ አትፈሩ» ስል ኖሬያለሁ፤ እኔው ራሴ ግን በአንድ ንግግር የተቀጣሁ ሰው ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ክረምት ሲገባ ወደ ደጋው እመለሳለሁ። ከመንደራችን ቁልቁል፣ ከወንዙ በቦይ የተጠለፈ ውሃ የሚያዞረው ወፍጮ ነበር። ባለ ወፍጮው አያ ተገኘ ይባላሉ፤ ሲስቁ ከቅንድባቸው ዱቄት የሚራገፍ ሽማግሌ። እዚያ ወረፋ ሲጠበቅ ቆሎ ይቆረጠማል፣ ልጃገረድ ትታጫለች፣ የተጣላ ይታረቃል። አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ የአራስ እህል ወረፋ አይጠብቅም። አራስ ካለችበት ቤት ገብስ ከመጣ ሁሉም ያለ ሙግት ይለቃል።

ያን ክረምት የገበሬ ማኅበሩ ከየቤቱ አዋጥቶ የናፍጣ ወፍጮ ሊያመጣ ሆነ። የቦዩን ውሃ ደግሞ ወደ ችግኝ ጣቢያ ሊያዞረው አሰበ። በስብሰባው ሰው ሁሉ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። እኔ ግን የተማርኩ ነኛ! ብድግ አልኩና ከተማ የሰማሁትን ቃል ሁሉ፣ ስለ ዕድገቱም ስለ ኋላ ቀርነቱም፣ አወረድኩት። «የድሮ ድንጋይ ታቅፈን የት ልንደርስ ነው?» አልኩ። ጭብጨባውን ብታዩት! አይ ልጅነት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቦዩ በሳምንቱ ተዘጋ። ስንበተን አያ ተገኘ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ሸጋ ተናገርሽ ልጄ» አሉኝ። የምራቸውን መስሎኝ ደስ አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ የናፍጣው ወፍጮም ደግ ነበር። እናቴ እንኳ ፈጥኖ ሲፈጭላት ጊዜ መርቃኛለች። ኅዳር ላይ ግን ናፍጣ ጠፋ፤ ጦርነት ነው፣ መንገድ ተዘግቷል፣ የተገኘውም ለሠራዊቱ ነው ተባለ። ለጥምቀት ስመጣ እህቴ ወልዳ ተኝታለች፤ እናቴ ከእጅ ወፍጮው ላይ ተደፍታ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ትፈጫለች። መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል።

«ምነው እማዬ፣ ልቀበልሽ» አልኳት።

«ተይው፤ አንቺ የምትችይው ንግግር ነው» አለችኝ፤ ያውም ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እየሮጥኩ ወደ አያ ተገኘ ወረድኩ። በደረቀው ወፍጮ ቤት ውስጥ የወፍጮውን ድንጋይ እያሻከሩ ሲወቅሩ አገኘኋቸው።

«ውሃ ሳይኖር መውቀሩ ምን ያደርጋል፣ አያ?»

«እጄ ሥራ ፈቶ አስቸገረኝ እንጂ» አሉ።

ያኔ አለቀስኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝና «ተይ ልጄ። ውሃውን የዘጋው ስብሰባ ነው፤ የሚከፍተውም እሱው ነው» አሉኝ።

በዚያ ዘመን ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ግለ ሂስ ከማር ይጥመው ነበር። እሑድ ብድግ ብዬ «ግለ ሂስ አለብኝ» ስል ደብተሩን ለማውጣት ተጣደፈ።

«ፈጭቼ ሳላውቅ ስለ ወፍጮ ተናግሬያለሁ» አልኩ። «የእናቴ መዳፍ ተልጧል፤ አራሷ እህቴ ገንፎ አጥታለች። ጥፋቱ የኔ ነው። የሚታረመውም ውሃው ሲለቀቅ ነው።»

ከኋላ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ አጨበጨበች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ጋቢ ለባሾቹም እጃቸውን አወጡ። ሊቀመንበሩ የጻፈውን ግለ ሂስ መሰረዝ አልሆንልህ አለው። «እንግዲህ ናፍጣ እስኪመጣ ውሃው ይለቀቅ!» አለ።

በማግስቱ ጧት ቦዩ ተከፈተ። ሴቱ ሁሉ ስልቻውን ተሸክሞ ወረደ። አያ ተገኘ የኛን ገብስ አስቀደሙ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ውሃው የሚመታው የእንጨት መዘውር እያቃሰተ ዞረ፣ የትኩስ ዱቄት ሽታ ቤቱን ሞላው፣ እልል አልን። የኛ ስልቻ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግን መዘውሩ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ለወራት ውሃ አጥቶ የደረቀ እንጨት ነው፤ እኔም ሊቀመንበሩም ይህን አላሰብንም። አያ ተገኘ ስባሪውን አንስተው ከግድግዳው አስጠጉት። ሌላ ለመጥረብ ጉልበት አልነበራቸውም። ስልቻዬን ቋጥረው አሸከሙኝና «ሂጂ፣ ለአራሷ ድረሽላት» አሉኝ። ፋሲካን አላዩም፤ በጾሙ መካከል ዐረፉ።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ አጫወትኩት። መብራቱን እንፈልገዋለን አልኩት፤ በኩራዝ ማጥናት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ነፋስም ናፍጣ አይጠይቅም። ቤታቸው የሚነሳባቸውን ሰዎች ግን ስብሰባ ጠርተህ እጅ በማስወጣት እንዳትጠይቃቸው፤ ቤታቸው ግባ፣ ቆሎ ቆርጥም፣ ቆይ አልኩት። ሁሉንም ጻፈና ቀና ብሎ «አያ ተገኘስ? እሳቸው ስለ አዲሱ ወፍጮ ምን ይሉ ነበር?» አለኝ።

ውሃ አስለቅቄላቸዋለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ዱቄትም ከእጃቸው ተቀብያለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።