በአንድ ዓምድ የተሞላ መጠይቅ

ልጄ ሰናይት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ መጠይቅ እንዴት እንደሚሞሉ የሚያጠና የኮምፒዩተር ሞዴል ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ሪችፊልድ ከተማ ያለው ቤቴ መጥታ ላፕቶፗን ከፈተች።

"አባባ፣ ሉክ፣ እይ! እነዚህ ሰዎች ሳያነቡ ነው የሞሉት።"

መልሶቻቸው ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓምድ ተደርድረዋል። ሞዴሉ ፍጥነታቸውን ይለካና "ግድየለሽ" ብሎ ይጥላቸዋል።

"ግድየለሽ መሆናቸውን በምን አወቀ?" ጮኽኩባት መሰለኝ።

"ታዲያ ሌላ ምን ሊሆኑ ይችላሉ?"

ሻይ ልቅዳልሽ ብዬ ተነሳሁ።

በወጣትነቴ እዚሁ አገር ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። እንግሊዝኛ በጆሮዬ ለቅሜያለሁ፤ ማንበብ ግን በየትኛውም ቋንቋ አልችልም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሉጌታ እዚህ መጥቼ የተማርኩ ይመስለው ነበር። በስልክ ዋሽቼው ነው።

እሱም ተከትሎኝ መጣና በዓመቱ ምግብ እምቢ አለው። የሠራሁለትን ምስር ሁለት ጉርሻ በልቶ ይተወዋል። ቀበቶውን ሁለት ጊዜ በቢላ በስቶ አጠበቀው። መጋቢት ላይ፣ በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር እንደተከመረ፣ በአውቶቡስ ዌስት ሴንት ፖል ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሠራተኛዋ ስለ ሕመሙ መጠይቅ እንድሞላለት ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጠችኝ። "የአማርኛ አስተርጓሚ ልጥራ?"

"ኖ፣ ኖ፣ እኔ አለሁ።"

አስተርጓሚዎቹ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው። አንዱ ቢመጣ ማንበብ አለመቻሌን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሁሉ ያወራዋል። ስለዚህ የግራውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ክሊክ እያደረግሁ ወረድኩ።

"ጨረስክ? አንተ ጉደኛ!" አለ ጋሼ። "እኔ ብሆን እስከ ፋሲካም አልጨርሰው። ምን ምን ይላል?"

"ስለ ሆድህ ነው። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።"

ሐኪሙ ስክሪኑን አየ። "አልከሳም፣ ምግብ ይበላል፣ ሕመምም የለውም። ትክክል ነው?"

እንግሊዝኛ የማያውቀው ጋሼ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አይደለም ብል፣ ታዲያ ማን ሞላው ልባል ነው።

"የስ" አልኩ። የጨጓራ ክኒን ይዘን ወጣን።

ሰኔ ላይ ሌላ ሆስፒታል ስንሄድ ካንሰር ነው፣ ጉበቱም ደርሷል አሉን። "አንተማ ነግረሃቸው ነበር፤ እነሱ ናቸው ያልሰሙህ" እያለ፣ እኔን እያጽናና ሞተ።

ማንበብ የተማርኩት ከተቀበረ በኋላ ነው። የግራው ዓምድ "በፍጹም የለም" ማለት እንደነበር ያወቅሁት፣ ያንኑ መጠይቅ ለራሴ ሕመም ሲሰጡኝ ነው።

ሰናይት ያደገችው አጎቷ ሐኪሞቹ ስላልሰሙን እንደሞተ እያመነች ነው። እኔም አላረምኳትም። ከሄደች ወዲህ፣ ያኔ እንዲህ ዓይነት ሞዴል ቢኖር ኖሮ ሐኪሙን "ይህ ሰው አላነበበውም፤ ጠይቀው" ይለው ነበር እላለሁ። ራሴን መደለሌ ነው። ሐኪሙ ጠይቆኛል እኮ። በአፉ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ጠይቆኛል።