ካልረሳ አያስቅም

ነገሩ የሆነው አምና ከጥምቀት በኋላ በዋለ አንድ እሑድ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ችሎት ውያለሁ፣ አደጋ የደረሰበት ቦታ ከአምቡላንስ ቀድሜ ተገኝቻለሁ፤ ያየሁትን ጽፌ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። የዚያን እሑድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለ ራሴ ቤተሰብ ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው፤ ንዴቴ ያላየሁትን እንዳያጽፈኝ ግን እጠነቀቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ አያ ያረጋል ገበሬ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። አንድ ነገር ማውራት ሲጀምር ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለ ገበያ ሊያወራ ተነሥቶ የጎረቤት አህያ ዘንድ ይደርሳል፤ ከአህያዋ ወደ ዝናቡ ይሻገራል። አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ሲሻገር «እሷን ያዙልኝ» ይላል። ልጆች ሳለን እራት ላይ እንዲህ ባለ ቁጥር አንዳችን መዳፋችንን ዘርግተን ወሬዋን እንይዝለት ነበር። አህያዋ እኔ መዳፍ ላይ፣ ዝናቡ እህቴ መዳፍ ላይ ይቀመጣሉ። እናታችን «ኧረ የልጆቹ እጅ ዛለ» ትለዋለች። እሱ አይቸኩልም። መጨረሻ ላይ ከየመዳፋችን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ገበያው ይመለሳል፤ አህያዋም ዝናቡም ለምን እንደተነሡ ያኔ ይገባናል። አንዷንም ረስቶ አያውቅም። የምንስቀውም እንዴት አድርጎ እንደሚመለስ እያየን ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ይህን የቤታችንን ጨዋታ እንጀራው አደረገው። አዲስ አበባ ይኖራል፤ በስልክ የሚታዩ አጫጭር ኮሜዲዎች ይጽፋል። ስም ያወጣለት «አያ ዳርዳሩ» የሚባል ገጸ ባሕርይ ነው። አያ ዳርዳሩ «እሷን ያዙልኝ» እያለ ያወራል፣ ሰዎቹም መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ሽማግሌው ግን ነገሩ ይጠፋበታል። «የት ደርሼ ነበር?» ይልና ተነሥቶ ይሄዳል። ሰዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ይቀራሉ፤ አንዱ «አያ ዳርዳሩ፣ እጄ ዛለ!» ብሎ ይጮኻል። በዚሁ ያልቃል።

ሽማግሌውን የሚጫወተው ተዋናይ ነው። ይበልጣል ግን በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ሰው አባቴ ነው፣ ቡሬ አካባቢ ይገኛል ብሎ ስሙን ጠርቶ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር ኮሜዲውን ያላየ የለም። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ እንኳ ሰው ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበለው ነበር። ያላየው አባቴ ብቻ ነው። የእሱ ስልክ ለመደወል ብቻ የሚሆን ነው። ልጁ ሰው የሚያስቅ ነገር እንደሚጽፍ ያውቃል፤ ይኮራበትም ነበር።

ወደ እሑዱ ልመለስ። የአባቴ እህት አክስቴ የሻረግ ባሏ የሞተባት ናት። ከምንጭ ዳር በርበሬና ድንች የምታበቅልበት መሬት አላት፤ የምትኖረው በእሱ ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ አዋሳኟ አዳሙ ወሰን አልፎ አረሰባት። እሷ ወሰኑ ሾላው ሥር ነው ትላለች። አዳሙ ከሾላው ዝቅ ብሎ ያለው ቦይ ነው ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ከመሬቷ ሁሉ ምርጡ ነው። የወሰኑ ድንጋይ ተነቅሏል። የመሬት ደብተሩ የአዋሳኞችን ስም ይናገራል እንጂ ድንጋዩ የት እንደነበር አያሳይም። ስለዚህ ቀበሌው ነገሩን ለሽማግሌ መራው። ድንጋዩን በጊዜው የተከሉት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የአክስቴ ባል፣ የአዳሙ አባትና አባቴ። ከሦስቱ በሕይወት ያለው አባቴ ብቻ ነው።

እኔ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ይበልጣል የአክስታችንን ነገር ሰምቶ ከአዲስ አበባ መጣና እኔ ዘንድ አደረ። ጠዋት አብረን ወደ ቡሬ ስንሄድ የሚኒባሱ ረዳት አወቀውና ጋቢና ካልተቀመጥክ ብሎ ግድ አለው። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስም ቅዳሴው እንዳለቀ ጎረምሶቹ ከብበውት አብረውት ፎቶ ይነሱ ጀመር። አባቴ ከሩቅ ያያቸው ነበር። «ወዳጅ አብዝቷል» አለኝ፤ ደስ ብሎታል።

ሽማግሌዎቹ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆመ። አዳሙ ሁለት ምስክሮች አሰማ፤ ወሰኑ ቦዩ እንደሆነ ሲባል ሰምተናል አሉ። ከዚያ መሪጌታ ወደ አባቴ ዞረው፣ «አያ ያረጋል፣ እግዚአብሔርን ይዘው የሚያውቁትን ይንገሩን» አሉት።

አባቴ ተነሣ። ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

«አባቶቼ፣ ያን ዕለት በረዶ ጥሎ ነው ያደረው። ጎርፉ የምንጩን ዳር ጠራርጎት ሄደ። እሷን ያዙልኝ። እኔ ደግሞ ያኔ አንድ ቀይ በሬ ነበረኝ፤ የፊት እግሩን ያመዋል።»

ከአዳሙ ኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ መዳፉን ዘረጋ። የአዳሙ የእህት ልጅ ነው። ከጎኑ ያለው ቀጠለ፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሌሎች ዘረጉ። ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። አዳሙ አስደርጎት ነው ብዬ ለመጻፍ ማስረጃ የለኝም። የመጀመሪያው መዳፍ የማን እንደነበር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቴ መጀመሪያ ፈገግ አለ። የተዘረጋውን መዳፍ ሲያይ የቤታችን ጨዋታ መሰለው፤ ልጁ ያስተማራቸው መስሎት ወደ ይበልጣል ተመለከተ። ይኼኔ አንዱ ጮኸ፦

«አያ ዳርዳሩ፣ እጄ ዛለ!»

ከዚያ በኋላ ሳቁ የሚያቆመው ጠፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ አፉን በጋቢው ሸፈነ። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየመቱ ጸጥታ ለመኑ። አባቴ የተዘረጉትን መዳፎች አንድ በአንድ አየ። ፈገግታው ጠፋ። አክስቴ በተቀመጠችበት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አባቴ ወደ መሪጌታ ዞሮ «የት ደርሼ ነበር?» አላቸው።

በሕይወቱ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን ከኮሜዲው የሚያውቀውን ቃል ከራሱ ከሰውዬው አፍ ሰማ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ወደ ይበልጣል ዞርኩ። እጁ አፉ ላይ ነው፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

አዳሙ ሳቁ በረድ እስኪል ጠበቀና በዝግታ፣ «አባቶቼ፣ በአያ ዳርዳሩ ምስክርነት መሬቴን ልነጠቅ ነው?» አለ።

አባቴ «ወሰኑ ሾላው ነው» አለና ተቀመጠ። መሪጌታ በምን እንዳወቀ እንዲያስረዳቸው ደጋግመው ጠየቁት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተነሣም። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው መከሩ። የምስክሮቹ ቃል ስለተቃረነ በሾላውና በቦዩ መካከል ያለው መሬት ለሁለት ይከፈል ብለው ወሰኑ። አክስቴ የዚያን ምርጥ መሬቷን ግማሽ እዚያው ተቀምጣ ሳለች ተነጠቀች።

አባቴ ምን ሊል እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሲያወራው ሰምቻለሁ። በረዶውና ጎርፉ በወሬው የተነሡት የድሮውን የወሰን ድንጋይ ስለወሰዱት ነው፤ ሦስቱ ሰዎች አዲስ ድንጋይ ለመትከል የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው። ቀዩ በሬ የተነሣው ድንጋዩን የጎተተው እሱ ስለሆነ ነው። እግሩ አሞት ሾላው ሥር ተንበረከከ፤ አልነሣም አለ። የአዳሙ አባት ይሁን እዚሁ እንትከለው አሉ፤ ተስማሙ። ሦስተኛዋ ወሬ ስለ ምሳቸው ናት። ለእነዚያ ሦስት ሰዎች ምሳ ከእናቱ ተቀብሎ ሾላው ሥር ድረስ ያመጣላቸው አዳሙ ራሱ ነው፤ ያኔ ጎረምሳ ነበር። አባቴ እዚህ ቢደርስ ኖሮ መሪጌታ ወደ አዳሙ ዞረው እውነት ነው ወይ ይሉት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምን እንደሚመልስ አላውቅም። ሳይጠየቅ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ይበልጣልና እኔ ወደ ቡሬ መኪና መያዣ በእግር ወረድን። መንገድ ላይ ጠየቅሁት። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

«ስቀሃል?»

«አመለጠኝ» አለ። «ጋሼ፣ እኔ ሰዉን ሳቁ አላልኩት። ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

አባታችንን አገር ሁሉ የሚወደው በእሱ ምክንያት እንደሆነ ነገረኝ። የቤታችንን ሳቅ ለሕዝብ ማካፈሉ እንጂ የሠራው ጥፋት እንደሌለ፣ እኔም የሰውን ኀዘን ዜና እያደረግሁ እንደምኖር ጨመረበት። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግሁት።

«አባባ ረስቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን የሚረሳ አድርገህ ጻፍከው?»

ሙያውን የተጠየቀ ሰው አመላለስ መለሰልኝ።

«ካልረሳ አያስቅማ።»

እንግዲያው አባቴ ነው አትበል አልኩት። የእውነት ሰው ነው ሲባል ነው ተመልካች የሚመጣው አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ ፍኖተ ሰላም አልተነጋገርንም። እዚያም ስንደርስ አላሳደርኩትም፤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ።

በሳምንቱ ብቻዬን ወደ መሪጌታ ሄድኩ። የአባቴን ምስክርነት ከበረዶው እስከ ምሳው ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ያኔ አልነበርክም። ያልነበረ ሰው አይመሰክርም» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም ሰማሁ ባይ ሰው ዜና ይዞልኝ ሲመጣ የምለው ይህንኑ ነው። አባቴ ራሱ የሚናገር ከሆነ ግን ሽማግሌዎቹንና አዳሙን ብቻ ቤታቸው ጠርተው፣ ያለ ሕዝብ ሊያዳምጡት ፈቀዱ።

በሩጫ አባቴ ዘንድ ደረስኩ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። በሰፈሩ ልጆች ስልክ ላይ ኮሜዲውን አይቶት ኖሯል፤ አሳዩኝ ብሎ ራሱ ነው የጠየቃቸው።

«አይሆንም፤ የሷን ነገር በሌላ ሰው ፈልጉላት» አለኝ።

«ሌላ ሰው እኮ የለም አባባ። ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እሱማ የለም። ግን እኔ አፌን ስከፍት ገና ይስቃሉ። አዳሙ ፊት ዳግመኛ አልቆምም።»

አክስቴም መጥታ ለመነችው። እጁን ይዛ አለቀሰች። አባቴ እህቱን እንደሚወዳት አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ሽማግሌዎቹ የከፈሉት እንደተከፈለ ጸና። አዳሙ በክረምቱ በቆሎ ዘራበት።

አባቴ አሁን ሲናገር በአጭሩ ነው። ስደውልለት «ደህና ነን፣ ከብቱም ደህና ነው» ይልና ስልኩን ለእናቴ ይሰጣታል። እናቴ ራት ላይ ዝምታው ከብዷታል፤ ሬዲዮ መክፈት ጀምራለች።

ይበልጣል አያ ዳርዳሩን እየጻፈ ነው። ዘንድሮ ለበዓል ፕሮግራም ካሜራ ይዞ እውነተኛውን አያ ዳርዳሩን ቤቱ ሄዶ ለመቅረጽ እንዳሰበ በስልክ ነገረኝ፤ ለአባታችንም መካሻ ይሆናል አለ። ለአባቴ ነገርኩት። «ይምጣ፣ ቤቱ ነው» አለ። ለይበልጣል ያለ ካሜራ ና አልኩት። አልመጣም።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ኮሜዲው በወጣ ቁጥር ወንድምህ በሳቅ ገደለን ይሉኛል። ለእያንዳንዳቸው አባቴ የሚረሳ ሰው እንዳልሆነ እነግራቸዋለሁ። ቀልድ አይገባህም ይሉኛል። ወዳጆቼ ደግሞ ወንድም ነው፣ ጊዜ ያበርደዋል ይላሉ። ዓመት አለፈ፤ አልበረደልኝም። አክስቴ በቀራት ቁራጭ መሬት ላይ ጎንበስ ብላ በርበሬ ስትለቅም እያየሁ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።