ዜሮ ሆኜ የተቀመጥኩበት ቀን

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቢቸና ስማር፣ ኮምፒዩተር ነበርኩ። አትሳቁ። ሙሉውን እንኳ አይደለሁም፤ አንድ አምስተኛው ነኝ።

የሒሳብ መምህራችን ከአዲስ አበባ የተመደበ ችኩል ወጣት ነበር። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያሰላ መኪና በመስኮት አይቶ መጣና ሰላም ነሳን። ይህ ትምህርት ቢቸና ካልገባ አገር አለቀ አለ። መኪናው ስለሌለ ደግሞ ከእኛ ሊሠራው ቆረጠ። አምስት ልጆች በተርታ እንቀመጣለን። ዳር ያለሁት እኔ አንድ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። የቆመ ይደመራል፤ የተቀመጠ ዜሮ ነው። በቃ፣ ኮምፒዩተር ማለት ይኸው ነው።

ከተማው እንዳለ ተባበረ። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹን ፈቀደ። ጤና ጣቢያው ቁጥራችን የሚጻፍበትን ፋሻ ሰጠና ደረታችን ላይ ታሰረልን፤ ከጦር ሜዳ የተመለስን መሰልን። ቤተ ክርስቲያኑ ጥያቄ የሚያወጡ መሪጌታ ላከ። ሞጣ ቆዳ የሚነግደው አባቴ ደግሞ የምንቀመጥበትን አጎዛ ላከልን።

ከአጎዛው ጋር ግን ቃልም ልኮ ነበር። «መጥቼ አያለሁ። የምትማረው ቁም ነገር ከሆነ ትጨርስ፤ ጨዋታ ከሆነ ይዣት እገባለሁ» ብሏል። ይዞኝ ቢገባ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ፤ ሊያጩኝ ሽማግሌዎች ሁለቴ ተመላልሰዋል። 

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መሪጌታው፣ «ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ከአራቱ ወንጌላውያን ጋር ስንት ይሆናሉ?» ብለው ጠየቁ። አሥራ ስድስት ብድግ አለ፤ እኛ አራታችን ቁጭ አልን። ልክ ነበር። መምህሩ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አባቴ በበሩ ገባ።

ጎጃም ነው እንግዲህ። ትልቅ ሰው ሲገባ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ «ኖር» ብሎ ተነሣ። ሁለትም፣ አራትም፣ ስምንትም ተነሡ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ብነሣ ሒሳቡ ይበላሻል፤ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር የቆሙትን ደመረና «ሠላሳ» አለ። መሪጌታው፣ «የለም፤ ማቴዎስና ዮሐንስ ከሁለቱም ወገን ስለሆኑ አሥራ አራት ነው» አሉ። ከንቲባው ለሁለቱም አጨበጨቡ። አባቴ የሚያየው ግን እኔን ብቻ ነበር። አገር ቆሞለት፣ የገዛ ልጁ በገዛ አጎዛው ላይ ተዘፍዝፋለች።

ለ«ኖር»ታው «በእግዜር» ብሎ እንኳ ሳይመልስ እጄን ይዞኝ ወጣ። በቅሎዋ ላይ አፈናጥጦኝ የሞጣን መንገድ ያዝን። 

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ ከተማውን አልፈን ብዙ ከራቅን በኋላ። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዜሮ ነበርኩ፣ አባዬ።»

«ብትነሺስ?»

«ሒሳቡ ይሳሳታል።»

«ተሳስቶ የለም እንዴ?»

«በእኔ በኩል አልተሳሳተም።»

 በቅሎዋ ቆማ ሣር መንጨት ጀመረች። አባቴ ልጓሙን ሳበና ወደ ቢቸና መለሳት።

አዳራሹ ገና አልተበተነም፤ በማቴዎስ ጉዳይ ይከራከራል። አባቴን ሲያይ እንደገና «ኖር» ብሎ ተነሣ። ምስኪን መምህሬ ራሱን ይዞ ቀረ።

«በእግዜር» አለ አባቴ። ከዚያ አጎዛዬን በጣቱ አሳየኝ።

«ሂጂ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ። እኔ ስገባም አትነሺ።»