እሸት ለመምህራችን

ትናንት ሐይቁ ዳር ስንሸራሸር ወፍ ልታይ የመጣች አንዲት ሴት የሩቅ ማያ መነጽሯን አዋሰችኝ። ወደ ዐይኔ ሳስጠጋው ጎማው ላብና ፀሐይ ሸተተኝ፤ ይሄውልህ፣ ባንድ አፍታ በሐሳቤ መተማ ቆላ፣ ሸሕዲ ከተማ ገባሁ። ምን እንደታየኝ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ያኔ ሸሕዲ ተማሪዎች ነበርን። የባዮሎጂ መምህራችን ጎጃሜ ነው፣ ለቆላው አዲስ፤ ወፍ ካየ ራሱን አያውቅም። እኛ የገበሬ ልጆች ደግሞ ለወፍ የምናውቀው ወንጭፍ ብቻ ነው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ረግረግ በእግር ወሰደን። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ጭቃው ይሸታል፣ ሸንበቆ መሳዩ ፊላ ይንሿሿል። ይብራውን፣ ሽመላውን በየተራ በመነጽሩ አሳየን። እውነቴን ነው፣ ወፍ ውብ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከመካከላችን የአንዷ ተማሪ እናት ከረግረጉ ማዶ ማሽላ ነበራት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የዓመት ቀለባቸው ያ ማሳ ብቻ ነበር። ማሽላው ወተት ከቋጠረ ጀምሮ ወፍ ስትጠብቅ ከማማው ወርዳ አታውቅም። ለሚካኤል ግን ማሳዋን ለመልአኩ አደራ ሰጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። በኛ አገር እንዲህ ነው፤ ለመልአክ የሰጡትን ማን ይነካዋል?

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰማዩ ጠቆረ። ደመና መስሎን ነበር፤ ለካ የወፍ መንጋ ነው። ከማዶ መጥቶ ተጠማዘዘና ፊላው ላይ ወረደ፤ ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል፣ ፊላው ከክብደቱ ጎበጠ። መምህራችን በደስታ እንባው መጣ። ተመልከቱ፣ ጠግበው ሊያድሩ ነው የመጡት አለን።

ልጅቱ መነጽሩን ከእጁ ወስዳ አየች።

«ግሪሳ ነው፣ ቲቸር» አለች። «የት ነው የጠገቡት?»

ወደ እናቷ ማሳ ሮጠች፣ ተከተልናት። ማሳው ከሩቅ ደህና ነበር፤ አገዳው እንደቆመ ነው። ስንቀርብ ግን የማሽላው ራስ ሁሉ ገለባ! በአንድ ቀን፣ እኛ ወፍ እያደነቅን ሳለ።  

እናትየው ጸበል ጸዲቋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። መሸትሸት ብሏል፣ ዐይኗም ደከም ያለ ነው፤ የማሽላውን ራስ አላየችውም። መምህሩን ስታይ ደስ አላት፤ ልጄን የሚያስተምሩልኝ ብላ እጅ ነሳች። 

«እሸት ሳይቀምሱማ አይሄዱም» ብላ ማሳው ውስጥ ገባች።

አንዱን ራስ ዳበሰችና ተወችው። ይቺን ወፍ ቀምሷታል ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

«እማዬ፣ ተይው፣ ነይ» አለች ልጅቱ።

እናትየው ግን እንግዳ ባዶ አፉን እንዳይሄድባት እየዳበሰች ወደ ውስጥ ዘለቀች። ነጠላዋ ብቻ ነበር የሚታየን፤ ኋላ እሱም ጠፋን።