ጋሽ ሀብተጽዮን፣ ባርኔጣቸውና በስሜ የተገዛው ጉድጓድ

ጋሽ ሀብተጽዮን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ካምደን በሚገኝ ሆስፒታል፣ ልጃቸው ሣራ እጃቸውን እንደያዘች ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ቀብራቸው ቅዳሜ ነው። የዕድራችን ሰዎች ስለ እሳቸው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዕሬ አምሯቸው መስሎኝ ጥቂት ተኩራርቼ ነበር። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ እሳቸውን በአስመራ ወጣትነታቸው የሚያውቅ ሰው ለንደን ውስጥ ከእኔ በቀር በሕይወት የለም። ሌላው ሁሉ ስለ ሞተ ተመረጥሁ። ዘጠናን ያለፈ ሰው ሹመት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

«ጋሽ በርሄ፣ ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ደግ ደጉን ብቻ» ተብያለሁ። ሁለት ገጹን እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችሁ ጋሽ ሀብተጽዮንን የምታውቋቸው በዊልስደን ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ጋር ሲጣሉ ስለሆነ ከሥር ልነሳ። እንግሊዞች ጣሊያንን አስወጥተው አስመራን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ ጋሽ ሀብተጽዮን የሐራጅ አጫራች ነበሩ። ጣሊያኖቹ እርሻቸውንና የቤት ዕቃቸውን እየሸጡ በመርከብ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ጊዜ ነው። በእርሻቸው በረት ደጃፍ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ አልጋው፣ መስተዋቱ፣ የወይን በርሜሉ፣ የምትታለበው ላም፣ አንዳንዴም እርሻው ራሱ ለጨረታ ይቀርባል። ጋሽ ሀብተጽዮን ሣጥን ላይ ይወጡና በትግርኛ ጀምረው፣ በጣሊያንኛ ቀጥለው፣ በዐረብኛ ይጨርሳሉ። እንግሊዛዊ መኮንን ብቅ ካለ «ጉድ ሞርኒንግ» ይጨምሩበታል፤ ከቀትር በኋላም ቢሆን። ያን ጊዜ የነበራቸው እንግሊዝኛ ይኸው ነበር።

የዕቃ ነውር አይደብቁም። «ይህች ወንበር አንድ እግሯን ያማታል፤ ወፍራም ሰው አይግዛት» ብለው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለምን ገበያቸውን እንደሚያበላሹ ብጠይቃቸው፣ «ስንጥቁን እኔ ካልተናገርሁት ገዢው ቤቱ ሄዶ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚረግመው ወንበሩን አይደለም» አሉኝ።

ለንደን ከመጡ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በጋሪ እየገፉ ጡረታ ወጡ። የድሮ ሥራቸውን ግን አልተዉትም። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የኖረበትን ፍላት ቶሎ አስረክቡ ይላል፤ ቁልፉ ለጋሽ ሀብተጽዮን ይሰጣል። እሳቸው ዕቃውን ለይተው፣ አጥበው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ያጫርቱትና ገንዘቡ አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ይረዳ ነበር። ፎቶግራፍ ግን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው አያውቁም። «ፎቶ ባለቤት እንጂ ገዢ የለውም» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ባሏ የሞተባትና ወደ ልጇ ቤት የምትገባ ሴት ዕቃዋን ስታሸጥ፣ የባሏ ካፖርት ተሳስቶ ከሚሸጠው ጋር ወጣ። ጨረታው ተጀመረ፤ ሴትዮዋ ተዉ ለማለት አንደበት አጣች። ጋሽ ሀብተጽዮን ፊቷን አዩና «ይህ ተሽጧል» አሉ። ማን ገዛው ሲባሉ «ብርዱ» ብለው፣ አጣጥፈው ጭኗ ላይ አኖሩላት።

ደግ ደጉ ይኸው ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። የቀረውን የምጽፈው ራሳቸው ስላዘዙኝ ነው። ሣራም አንብባ «ጋሼ፣ እንዳለ ይሂድ» ብላለች።

በአስመራው ዘመን እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ጢሜን እንደ ሲኒማ ተዋናይ አቅጥኜ፣ የሚያየኝ ባይኖርም የሚያየኝ እየመሰለኝ የምራመድ። ሥራዬ የሐሰት ተጫራችነት ነበር። በተውሶ ሱፍ ከገዢዎች መካከል እቆማለሁ፤ ዋጋው ሲተኛ እጄን አነሣለሁ፤ ዋጋው ይነቃል። ምልክታችን የጋሽ ሀብተጽዮን ባርኔጣ ነው። ራሳቸው ላይ እስካለ እጨምራለሁ። አውልቀው ደረታቸው ላይ ሲያደርጉት ዝም እላለሁ፤ ዕቃው ለእውነተኛው ገዢ ይሄዳል። የወንበሩን ስንጥቅ የማይደብቁት ሰው እኔን ግን ይደብቁ ነበር። ኃጢአት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሱፉ ያምርብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአስመራ ወጣ ብሎ ያለ የብርቱካን እርሻ ለሐራጅ ቀረበ። በእርሻው ላይ ተቀጥረው የሚሠሩት ሰዎች መሬቱ ቀድሞ የአባቶቻቸው ነበር፤ በዚያ አካባቢ ክረምት ከበጋ የማይደርቀው ጉድጓድም ያለው እዚያው ነው። ከእነሱ አንዱ አቦይ ተኽለ ናቸው። ልጃቸው ለተ እጮኛዬ ነበረች፤ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል። ሰዎቹ በሬዎቻቸውን ሸጠው፣ አዋጥተው፣ እርሻውን ከነጉድጓዱ ሊገዙ ተማከሩ። ገበሬ ሲጫረት ከታየ ነጋዴ ይረባረብበታል ብለው ስለ ፈሩ፣ ማንም የማያውቀውን አንድ የከተማ ልብስ ሰፊ ወከሉ፤ እነሱ ፊታችን ያሳብቅብናል ብለው ቀሩ። ምስጢሩን የነገሩት ለጋሽ ሀብተጽዮን ብቻ ነው። አቅማቸው እስከ የት እንደሚደርስም ነገሯቸው። ለእኔ አልነገሩኝም፤ አቦይ ተኽለ አፌን ያውቁት ነበር።

ልብስ ሰፊው እጁን አነሣ፤ እኔም አነሣሁ። ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ነው። ጨመረ፤ ጨመርሁ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ እያየሁ፣ ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው እያልሁ በልቤ እስቅበት ነበር። ባርኔጣው አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ሰውዬው እጁን ኪሱ ከተተና አቀረቀረ። መዶሻው ወደቀ። ሁለት ሸሚዝ ያለኝ ሰው የብርቱካን እርሻ ገዛሁ።

ከበረቱ ኋላ ወሰዱኝና «ባርኔጣዬን ረሳሁት» አሉኝ። «አትደንግጥ፤ እዚህ ላይ ፈርም፣ እኔ ገዢ አገኝልሃለሁ።» ፈረምሁ። በሳምንቱ ለአንድ ሀብታም ነጋዴ ማስተላለፌን በሌላ ወረቀት ላይ ፈረምሁ። ነጋዴው ጉድጓዱን አጠረው፤ ሰዎቹ ተበተኑ። ሁሉም የሰማው ግን ከጨረታው የወጣውን ስም ነው፤ የእኔን። አቦይ ተኽለ በሽማግሌ የላኩብኝ መልእክት አጭር ነበር፦ «ውሃዬን ለወሰደ ሰው ልጄን አልሰጥም።» ለተን ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

በሐፍረት አዲስ አበባ ገባሁ። ጋሽ ሀብተጽዮንም ከጊዜ በኋላ መጡ። ወልጄ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ለንደንም አንድ ሰፈር ኖርን። ረስቼው ነው ስላሉኝ ከሰባ ዓመት በላይ አመንኋቸው፤ እንዲያውም የማጽናናቸው እኔ ነበርሁ። «ሰው ነዎት፣ ይረሳሉ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም አንገታቸውን እየነቀነቁ ይጽናኑልኝ ነበር።

የለተ ልጅ ወይዘሮ ምሕረት በዌምብሊ እንደምትኖር ታውቃላችሁ፤ የጠበል ጻድቁን ወጥ የምትቀምሱት ከእጇ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን መምጣት ከጀመረች ጀምሮ ሳህኔን የምትሰጠኝ ወደ ሌላ ሰው እያየች ነው። አንድ የገብርኤል ዕለት የውሃ ማሰሮ የያዘችውን ልጅ ጠርታ፣ «ለእሳቸው ደጋግመሽ ቅጂላቸው፤ ውሃ ይወዳሉ» አለቻት። ነገሩን የሚያውቀው ሳቀ፤ የማያውቀውም ተከትሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ጋሽ ሀብተጽዮን አጠገቤ ተቀምጠው ወጣቸውን በእንጀራ ይጠቀልሉ ነበር። የለተ መርዶ ሲመጣም ዌምብሊ አብረን ለቅሶ ደርሰናል። እኔ በሩ ሥር ተቀመጥሁ፤ እሳቸው ከምሕረት አጠገብ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሆስፒታል እርጎ ሳጎርሳቸው፣ «በርሄ፣ ባርኔጣዬን አልረሳሁትም» አሉኝ።

ሐሳባቸው የተዘበራረቀ መስሎኝ የትኛውን ባርኔጣ አልኋቸው።

«ታውቀዋለህ። ነጋዴው የድሆች ውሃ ነጠቀ እንዳይባል የሌላ ሰው ስም ፈለገ። ያንተን ሰጠሁት። ሱቅ እሰጥሃለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ሰጠዎት?»

«አልሰጠኝም።»

ሳቅ አመለጠኝ። አልጋው ማዶ ያለው በሽተኛ ጥሩ ወሬ የያዝን መስሎት አብሮኝ ፈገግ አለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጆች ተራቡብኝ አልልህም፤ ያን ጊዜ ልጅም አልነበረኝም። ፈለግሁና አደረግሁ። ለምሕረት ንገራት፤ እኔ ስንት ጊዜ ጀምሬ አፌ እምቢ አለኝ።»

ማንኪያውን አስቀምጬ ወጣሁ። አውቶቡሱ ዊልስደንን አልፎ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰደኝ። ሣራ ሁለት ጊዜ ደውላ፣ አባባ ይጠይቁዎታል፣ በየቀኑ በሩን ያያሉ አለችኝ። ጉልበቴን አሞኛል አልኋት። ጉልበቴ በዐሥር ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሰሞን ደህና ሆኖ አያውቅም። ሦስተኛው ስልክ የማክሰኞው ነው።

ልጄ ምሕረት፣ ንጹሕ ነኝ አልልሽም። እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ የተነሣውም ለማታለል ነው። የአያትሽን ውሃ ፈልጌ ግን አልነበረም፤ በማን ላይ እንደማነሣው አላወቅሁም። እናትሽ ይህን ሳትሰማ አልፋለች። አንቺ ሰምተሻል። ከዚህ በላይ የምጠይቅሽ የለኝም።

ጋሼ፣ እንግዲህ ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ። ብዙ ዓመት የከበደዎትን ቃል እኔ በሁለት ገጽ ጨረስሁት፤ ይህም እንዴት ቀላል እንደነበር ሳስብ ንዴቴ ይብሳል። ለተ በሕይወት ሳለች አንድ እሑድ፣ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ይህን ጽሑፍ ስጀምር መጨረሻው ላይ ይቅር ብዬዎታለሁ ልል ነበር። ብዕሬን አሹዬ፣ መነጽሬን ጠርጌ ሞከርሁ፤ አልወጣልኝም። ውሸት ደግሞ ከሙት ጋር አይላክም። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እንዳኮረፍሁ እመጣለሁ፤ አፈርም አለብስዎታለሁ። ለአርባዎ እንደገና እሞክራለሁ፣ ካልሆነልኝ ለሰማንያዎ፣ ካልሆነልኝ ለሙት ዓመትዎ። ዕድሜዬን ያውቁታል፤ ያን ያህል ካልቆየሁ እዚያው ፊት ለፊት እንነጋገራለን። እስከዚያው ነፍስ ይማር የሚለውን ቄሱ ይበሉልኝ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ያ በር በሩን ሲያዩ የነበሩበት ሰሞን እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። ደህና ይሂዱ፣ ጋሼ።